አንድ ግንባር፣ 30 ቤቶች፦ የባዙ ሮያል ክሬሰንት የኪነ ሕንፃ ታሪክ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በባዝ ከተማ፣ ከመሀል ከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ ከፍ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ሮያል ክሬሰንት የሚባል የ30 ቤቶች ድርድር ይገኛል። ድርድሩ ከ1767 እስከ 1775 ባለው ጊዜ ውስጥ በታናሹ ጆን ዉድ ንድፍ የተሠራ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቤቶቹ በጋራ ግድግዳ ተያይዘው፣ በግማሽ ሞላላ ቅርጽ ተጠማዝዘው፣ ወደ ደቡብ ቁልቁል የሚወርድ ሰፊ የሣር መስክ አቅፈው ስለቆሙ፣ ከሩቅ ለሚመለከታቸው ሰው የአንድ ልዑል ቤተ መንግሥት እንጂ የ30 ልዩ ልዩ ባለይዞታዎች መኖሪያ አይመስሉም። እንዲህ ቤቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው በአንድ መስመር የሚሠሩበትን አሠራር እንግሊዞች ቴራስ ይሉታል። የሮያል ክሬሰንት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የአንድ ባለ ተሰጥዖ ነዳፊ የውበት ሥራ ተደርጎ ነው፤ ይሁን እንጂ ያንን ወጥ ግንባር ያቆመው ከነዳፊው እርሳስ እኩል የሊዝ ውል ነበር፤ ውሉ ደግሞ ስለ ግንባሩ አጥብቆ ሲያዝ ስለ ኋላው ዝም ይላል፤ ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሁለት ምዕተ ዓመታት ተኩል በድርድሩ ላይ የተነሡት የጥገና፣ የቀለምና የሕግ ክርክሮችም በአብዛኛው የዚህ ዝምታ ልጆች ናቸው።

ባዝ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ፍል ውኃዋ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የታወቀች ብትሆንም፣ ከትንሽ የግንብ ከተማነት ወጥታ የመኳንንት መዝናኛ የሆነችው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ንግሥት አን በ1702 እና በ1703 ለሕክምና ወደ ከተማዋ መምጣቷ ለሌላው መኳንንት ምሳሌ ሆነ፤ ቀጥሎም ሪቻርድ ናሽ የተባለው የግብዣና የጭፈራ ሥርዓት ኃላፊ፣ ማን መቼ እንደሚታጠብ፣ መቼ እንደሚጨፍርና ምን እንደሚለብስ የሚወስን ደንብ አውጥቶ፣ ባለማዕርጉም ባለገንዘቡም በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበትን ኑሮ አደራጀ። እነዚህ እንግዶች ለአንድ ወቅት የሚቆዩ እንጂ ቋሚ ነዋሪዎች ስላልነበሩ ርስት ሳይሆን ኪራይ ቤት ይፈልጉ ነበር፤ በገጠር ርስታቸው ላይ ካለው ትልቅ ቤት ያነሰ፣ ክብራቸውን ግን የማያሳንስ ቤት። በምዕተ ዓመቱ መባቻ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የነበረባት ከተማ በ1801 በተደረገው ቆጠራ ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያላት ሆና መገኘቷ የዚህን ፍላጎት መጠን ያሳያል።

ለዚህ ሁሉ ግንባታ የሚበቃው ድንጋይ ከከተማዋ አጠገብ ነበረ። ባዝ ድንጋይ የሚባለው ማር የመሰለ ቀለም ያለው የበሀ ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ እርጥብና ለስላሳ ስለሚሆን በመጋዝ ይሰነጠቃል፣ በመሮ ይቀረጻል፤ አየር ነክቶት ሲደርቅ ደግሞ ይጠነክራል። የፖስታ አገልግሎትን በማሻሻል የከበረው ራልፍ አለን ከ1720ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኩም ዳውን ኮረብታ ላይ ያሉትን የድንጋይ ካባዎች ገዝቶ፣ ድንጋዩ ከኮረብታው ወደ ኤቨን ወንዝ በእንጨት ሐዲድ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ እንዲወርድ አደረገ፤ ወንዙም በ1727 እስከ ብሪስቶል ለጀልባ ክፍት ሆኖ ስለነበር የማጓጓዣው ዋጋ ወደቀ። የባዝ ቤቶች ሁሉ አንድ ቀለም የያዙት እንግዲህ ማንም ስለ ቀለም አስቦ አይደለም፤ የቅርቡ ድንጋይ ርካሽ ስለነበረ ነው። በኋላ ዘመን የቀለሙ አንድነት የከተማዋ ክብር ተደርጎ በደንብ እስከ መጠበቅ ደረሰ።

የታናሹ ዉድ አባት፣ እርሱም ጆን ዉድ የሚባለው፣ በ1704 ባዝ ውስጥ ከአንድ ግንበኛ ተወልዶ በለንደንና በሌሎች ቦታዎች ሥራውን ከተማረ በኋላ፣ የትውልድ ከተማውን እንደ ጥንት ሮም አድርጎ እንደገና ለመሥራት ተነሣ። ሰውዬው ብርቱ ነዳፊ፣ ብርቱ ነጋዴ፣ ከዚህም ጋር የጥንት ታሪክን በራሱ ምናብ የሚያሰፋ ጸሐፊ ነበር፤ ስቶንሄንጅ የተባለውን የጥንት የድንጋይ ክብ ለክቶ፣ የባዝን ጅማሬ ከድሩይድ ካህናት ጋር የሚያያይዝ መላ ምት እስከ መጻፍ ደርሷል። የከተማው አስተዳደር ሰፊ ዕቅዱን ስላልተቀበለው ከግል ባለ ርስቶች ጋር ሠራ። ከ1728 ጀምሮ በገነባው ኩዊን ስኩዌር በተባለው አደባባይ ሰሜናዊ ጎን፣ ልዩ ልዩ የሆኑ ቤቶችን በአንድ ግንባር ሸፍኖ፣ መሀሉ ላይ ሦስት ማዕዘን አናት፣ ዳርና ዳሩ ላይ ጎላ ያሉ ማዕዘን ቤቶች ሰጥቶ፣ ድርድሩን እንደ አንድ ቤተ መንግሥት አስመሰለው። የንድፉ ምንጭ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜን ጣሊያን የኖረው አንድሬያ ፓላዲዮ ነው፤ ፓላዲዮ የሮማውያንን ሕንፃዎች ለክቶ በ1570 ያሳተማቸው አራቱ መጻሕፍት በእንግሊዝ ነዳፊዎች ዘንድ እንደ ሕግ ይነበቡ ነበር፤ መስኮትና ወለል፣ ዓምድና ግድግዳ በተወሰነ ስፍር እንዲመጣጠኑ የሚጠይቀው ይህ ፈለግ በስሙ ፓላዲያን ይባላል።

የገንዘቡ አሠራር ከንድፉ ያላነሰ ብልሃት ነበረው። ባለ ርስቱ ቤተሰብ መሬቱን አይሸጥም፤ ብዙ ጊዜ ለ99 ዓመት በሊዝ ይሰጣል፣ በየዓመቱ የመሬት ኪራይ ይቀበላል፣ ዘመኑ ሲያበቃ ደግሞ መሬቱ ከነቤቱ ወደ ወራሾቹ ይመለሳል። እንደ ዉድ ያለው ሰው መሬቱን በጅምላ ተከራይቶ፣ መንገድና የቆሻሻ ውኃ መውረጃ አውጥቶ፣ ቦታውን እየሸነሸነ ከፍ ባለ ኪራይ ለግንበኞች፣ ለአናጢዎችና ለለሳኞች ያከራያል፤ ትርፉም በሁለቱ ኪራዮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። እነዚህ ባለሙያዎች እጃቸው ላይ ጥሬ ገንዘብ ስለማይኖር ይበደራሉ፣ ወይም ጉልበት ለጉልበት ይለዋወጣሉ፤ ግንበኛው የአናጢውን ቤት ግድግዳ ያቆምለታል፣ አናጢው የግንበኛውን ወለልና ጣሪያ ይመታለታል፤ የውስጡ ሥራ ሳያልቅም ቤቱን ለፈላጊ ያስተላልፋሉ። ማንም ሰው ሙሉውን ድርድር በራሱ ኪስ ሳይሠራ ድርድሩ ወጥ ሆኖ የሚወጣው ታዲያ በውሉ አማካይነት ነው፤ እያንዳንዱ ተከራይ በደረሰው ቦታ ላይ ግንባሩን ልክ እንደ ንድፉ፣ በተባለው ድንጋይና በተባለው ቁመት እንዲያቆም ይገደዳል። ከግንባሩ በስተኋላ ስንት ክፍል እንደሚኖረው፣ ደረጃው የት እንደሚወጣ፣ የጓሮው ግድግዳ ምን እንደሚመስል ግን የራሱ ጉዳይ ነው። በሮም ፍርስራሽ ላይ የተመሠረተ ሥነ ውበት በብድር መቆሙ፣ ለሥነ ውበቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙም ደስ የማይል እውነት ሳይሆን አይቀርም።

አባትየው በ1754 ሰርከስ የተባለውን ክብ አደባባይ ጀምሮ በዚያው ዓመት ሲሞት፣ ሥራውን የጨረሰው ልጁ ነው። ሰርከስ ሦስት ፎቅ ዓምዶች በላይ በላዩ የተነባበሩበት፣ ጌጥ የበዛበት፣ ወደ ውስጥ የሚያይ ዝግ ክብ ነው፤ ልጁ በራሱ ስም ያወጣው ሮያል ክሬሰንት ደግሞ በሁሉም ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ብሮክ ስትሪት ሆን ተብሎ ዝቅ ያለና ጌጥ የሌለው መንገድ ስለሆነ፣ ከሰርከስ ተነሥቶ በዚያ የሚሄድ ሰው መንገዱ መጨረሻ ላይ እስኪደርስ ድረስ የክሬሰንትን ስፋት አያይም። የመጀመሪያው ድንጋይ በግንቦት 1767 ተጣለ። ግንባሩ በርዝመት ወደ 150 ሜትር ይጠጋል፤ የመሬቱ ወለል ጌጥ አልባ ሆኖ እንደ መደብ ያገለግላል፣ ከእርሱ በላይ 114 ዓምዶች ሁለት ፎቆችን በአንድ ቁመት ዘልቀው ይቆማሉ፤ ከዓምዶቹ ራስ ላይ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ የድንጋይ ወራጅ ተጋድሟል። ዓምዶቹ አዮናዊ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ አዮናዊ ዓምድ ከጥንት ግሪኮች የመጣ፣ ራሱ በግራና በቀኝ የተጠቀለለ፣ ከዶሪካዊው የቀጠነ፣ ከቆሮንቶሳዊው ግን ጌጡ ያነሰ ዓይነት ነው።

የታናሹ ዉድ ድፍረት የሚታየው ባልሠራው ነገር ነው። የአባቱ ትምህርት መሀሉን በሦስት ማዕዘን አናት ማክበርን ያዝ ነበር፤ እርሱ ይህንን ትቶ መሀሉን በተጣመሩ ዓምዶችና በአንድ ቅስት መስኮት ብቻ አመለከተ፤ በሮቹ ላይ ጌጥ አላደረገም፤ ሁለቱን ዳር ቤቶች እንኳን በጥንድ ዓምዶች ጥቂት ከማጠንከር አላለፈም። ጠፍጣፋ ግንባር የሚያጎላው አንድ ነጥብ ካላገኘ ይሰለቻል፤ የተጠማዘዘ ግንባር ግን ዓምዶቹ ለተመልካቹ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየተቀራረቡና እየተራራቁ ስለሚታዩ፣ ብርሃኑም በየሰዓቱ በየዓምዱ ላይ በሌላ ማዕዘን ስለሚወድቅ፣ ድግግሞሹ ራሱ ጌጥ ይሆናል። ከፊት ለፊቱ ባለው መስክ ላይ ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። የነዋሪዎቹን ሣር ከታችኛው የግጦሽ መሬት የሚለየው አጥር ሳይሆን ሃ-ሃ የሚባል ቦይ ነው፤ የቦዩ አንድ ጎን ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ሆኖ ከብት እንዳያልፍ ይከለክላል፣ ነገር ግን ግንቡ ከመሬቱ በታች ስለሆነ ከቤቶቹ መስኮት ለሚያይ ሰው መስኩ አንድ ወጥ ይመስለዋል። በዚህ አሠራር ለወቅት የተከራየው እንግዳ፣ ባለ ርስት በገጠር ቤቱ መስኮት የሚያየውን ዓይነት እይታ ከተማ ውስጥ ሆኖ አገኘ። አንድ ወጥ የቤት ድርድርን በጨረቃ ቅርጽ አጥፎ ለገጠር እይታ የከፈተ ሥራ ከዚህ በፊት በእንግሊዝ አልነበረም። በመጀመሪያ ክሬሰንት ብቻ ይባል የነበረው ድርድር ሮያል የሚለውን ቅጽል ያገኘው በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ፣ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ልጅ የሆነው የዮርክ መስፍን ፍሬድሪክ ከተቀመጠበት በኋላ ነው።

ወደ ጓሮው የዞረ ሰው ሌላ ሕንፃ ያያል። ከፊት በጥርብ ድንጋይ የተለበጠው ግድግዳ ከኋላ በሻካራ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ከቤት ቤት ይለያያል፣ አንዱ ወደ ኋላ ብዙ ይወጣል፣ ሌላው ይቀራል፣ መስኮቶቹ እንደየደረጃው አቀማመጥ ከፍና ዝቅ ይላሉ። የቤቱ ውስጥ ሥርዓት ደግሞ ከታች ወደ ላይ የማዕርግ መሰላል ነበር። ከመንገድ በታች ባለው ወለል ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ማጠቢያውና የአሽከሮች ክፍል ይገኛሉ፤ ለዚህ ወለል ብርሃን የሚሰጠው በመንገዱና በቤቱ መካከል የተተወው በብረት አጥር የተከበበ ጉድጓድ ሲሆን፣ ከመንገዱ ሥር ደግሞ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ጓዳ አለ። የመሬቱ ወለል መመገቢያ ክፍልን፣ አንደኛው ፎቅ ጣሪያው ከፍ ያለውን የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ መኝታ ቤቶች፣ ጣሪያ ሥር ደግሞ ገረዶች የሚያድሩባቸው ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ዋናው ደረጃ ለጌቶች፣ የጓዳው ደረጃ ለአገልጋዮች ስለነበረ፣ ከሰልና ውኃ ከታች እስከ ላይ፣ አመድና ቆሻሻ ከላይ እስከ ታች ሲመላለስ እንግዳ አይን ውስጥ አይገባም ነበር። ግንባሩ ይህንን ሁሉ አይናገርም፤ ከዓምዶቹ በላይ ያሉት የጣሪያ ሥር መስኮቶች እንኳን ከመከለያው ግንብ ጀርባ ስላፈገፈጉ ከታች ብዙም አይታዩም።

ክሬሰንት በፍጥነት ተቀዳ። ጆን ካር በደርቢሻየር ባክስተን ውስጥ በ1780ዎቹ የራሱን ሠራ፤ በባዝም ጆን ፓልመር ላንስዳውን ክሬሰንትን፣ ጆን ኤቨሌይ ደግሞ ካምደን ክሬሰንትን አወጡ። የኋለኛው በገደላማ መሬት ላይ ስለተጀመረ ምሥራቃዊ ጫፉ ተንሸራትቶ ሳያልቅ ቀረ፤ በሦስት ማዕዘን አናቱ ሥር የቆሙት ዓምዶችም አምስት በመሆናቸው፣ ጥንድ ቁጥርን ለሚፈልገው የጥንት ሥርዓት የታመኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሡበታል። በ1793 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሲጀመር ብድር ደረቀ፤ የባዝ ከተማ ባንክ ወደቀ፣ በጉልበትና በብድር የሚሠሩት ግንበኞች ተከተሉት፣ ጣሪያ ያልለበሱ ቤቶች በየተዳፋቱ ለዓመታት ቆመው ቀሩ። ገንዘቡ ከየት ይመጣ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም፤ በባዝ ቤት ከሚከራዩትና ከሚገዙት ሰዎች መካከል በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት በሚለማ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የከበሩ ይገኙ ነበር፤ ከጃማይካ እርሻዎች ሀብት የወረሰውና በ1822 ወደ ላንስዳውን ክሬሰንት የገባው ዊልያም ቤክፎርድ የታወቀው ምሳሌ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ፋሽኑ ወደ ባሕር ዳር ከተሞች ሲዞር ባዝ የጡረተኞች ከተማ ሆነች። ትልልቅ ቤቶች ተከፋፈሉ፣ የከሰል ጭስ ማር የመሰለውን ድንጋይ አጠቆረው። ባለቤቶች ሰፋፊ መስታወት በርካሽ ሲያገኙ ቀጫጭን የእንጨት ፍርግርግ የነበራቸውን፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱትን መስኮቶች አወለቁ፤ የአንደኛውን ፎቅ መስኮቶች ደፍም ወደ ታች ቆርጠው አስረዘሙ። በዚህ ለውጥ የግንባሩ ስፍር ተናጋ፣ ምክንያቱም የዉድ መስኮቶች ከዓምዶቹ ግርጌ ከፍ ብለው በግድግዳ ላይ እንዲቀመጡ ተሰልተው ነበር፤ የሊዙ ውል ያስጠብቀው የነበረውን የሚያስጠብቅ ሌላ ኃይልም ገና አልነበረም።

ያ ኃይል የመጣው በ20ኛው ምዕተ ዓመት፣ ያውም ከግንባሩ ጀምሮ ነው። የባዝ ጥበቃ ማኅበር በ1934 ተቋቋመ፤ በ1937 የወጣው የባዝ ከተማ ሕግ ከ1820 በፊት የተሠሩ ሕንፃዎችን ገጽ ለመጠበቅ ለአስተዳደሩ ሥልጣን ሲሰጥ፣ ከገጹ በስተጀርባ ያለውን እንደ ድሮው ውል ለባለቤቱ ተወው። በእነዚያው ዓመታት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ባዝ ነበሩ፤ ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ ግን ከቴራሱ ወገን አይደለም፤ በኒውብሪጅ ሰፈር በራሱ ግቢ ውስጥ የቆመ፣ ባለሀብቶች ከተያያዙት ቤቶች ይልቅ ለብቻ የቆመ ቤት መምረጥ በጀመሩበት በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ ቪላ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በኋላ ለከተማው ሰጥተውታል። በሚያዝያ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከክሬሰንት 2ኛውና 17ኛው ቤት በተቀጣጣይ ቦምብ ውስጣቸው ነድዶ ግንባራቸው ብቻ ቀረ። በ1945 በፓትሪክ አበርክሮምቢ መሪነት የወጣው የከተማ ዕቅድ ደግሞ ክሬሰንትን የአስተዳደር ቢሮ የማድረግ ሐሳብ አቀረበ፤ እሳቱ በሁለት ቤቶች ላይ ያደረገውን በመላው ድርድር ላይ በዕቅድ እንደ ማድረግ ሊቆጠር የሚችል ሐሳብ ነበር፤ አልተፈጸመም።

የ1947ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ታሪካዊ ሕንፃዎች በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍሩ ካደረገ በኋላ፣ ሮያል ክሬሰንት በ1950 በአንደኛ ደረጃ ተመዘገበ፤ በዚህ ደረጃ የሚገኙት ከተመዘገቡት ሁሉ 2.5 በመቶ ያህሉ ናቸው። ሆኖም እስከ 1968 ድረስ የተመዘገበ ሕንፃ ባለቤት ለማፍረስ ወይም ለመለወጥ አስቀድሞ ማስታወቅ ይበቃው ነበር፤ አስቀድሞ ፈቃድ የማግኘት ግዴታ የመጣው በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ግዴታው ውስጡንም ኋላውንም ይመለከታል። ሕጉ ለክሬሰንት በጊዜው ደረሰ፤ ለእጅ ባለሙያዎች ቤቶች ግን አልደረሰም፤ ዓምድ የሌላቸው፣ ድንጋዩን የጠረቡትና ልብስ ያጠቡት ሰዎች የኖሩባቸው የዚያው ዘመን ተራ ድርድሮች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሰፈር በሰፈር ፈረሱ፤ አዳም ፈርጉሰን በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ይህንን ጥፋት እስኪያጋልጥ ድረስ ታዋቂዎቹ ግንባሮች መቆማቸው ለብዙዎች በቂ መስሎ ነበር። በዚያው ዐሥርት ዓመት የ22ኛው ቤት በር ቢጫ ተቀባና፣ ነጭ በር ልማድ ነው የሚለው የከተማው አስተዳደር እንዲመለስ አዘዘ፤ ባለቤቷ ይግባኝ ብለው ጉዳዩ እስከ ሚኒስትር ደርሶ በሩ ቢጫ እንደሆነ እንዲቆይ ተወሰነ። በ1987 መላው ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

1ኛው ቤት በ1960ዎቹ መጨረሻ ለጥበቃ ማኅበሩ በስጦታ ተላልፎ በ1970 ሙዚየም ሆነ፤ ጠጋኞቹ የመስኮቶቹን ደፍ ወደ ቀድሞ ቁመቱ መልሰው ቀጫጭኑን ፍርግርግ ስላስገቡ፣ ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ የያዙትን ረጃጅም መስኮት ከእርሱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ቤቱ ግን ጎዶሎ ነበር። አገልጋዮች ይሠሩበት የነበረው የጎን ክፍል በ20ኛው ምዕተ ዓመት ተቆርጦ ራሱን የቻለ መኖሪያ ሆኖ ስለነበረ፣ ጎብኚው የጌቶችን አዳራሽ እንጂ አዳራሹን የሚያገለግለውን ሥፍራ በሙሉ አያይም ነበር፤ ማኅበሩ ይህንን ክፍል መልሶ በእጁ አግብቶ በ2013 ከዋናው ቤት ጋር አንድ አድርጎ ስለከፈተው፣ ዛሬ ወደ 1ኛው ቤት የሚገባ ሰው ከመመገቢያው ጠረጴዛ ተነሥቶ ምግቡ ወደሚበስልበት ማድ ቤትና ወደ አሽከሮቹ ክፍል ይወርዳል።